ቤቱ ይሸጣል፤ ጎረቤቱስ?

አንድ የድሆች ሠፈር ጎዳናው ጸድቶ፣ ቤቱ ታድሶ፣ አምሮና ተውቦ ስናይ ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን ሠፈሩ ባማረ ጊዜ ድሆቹ በውስጡ ካልተገኙ፣ በደስታችን መካከል አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት፤ ይኸውም ሠፈሩ የተሻሻለው ለማን ነው? የሚል ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ደግሞ በዚህ ዓይነቱ ለውጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሌባም ቀማኛም አለመገኘቱ ነው። ሻጩ ወዶ ሸጠ፤ ገዢው የተጠየቀውን ከፈለ፤ ውሉም በሕግ ፊት ተፈረመ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን በዚያ ሠፈር ተወልዶ ያደገው ድኻ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። እንግዲህ በደል ተፈጽሟልን? ከተፈጸመስ በዳዩ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ እንዲሁ በሐሳብ ብቻ ከማንሣት ይልቅ በአንድ እውነተኛ ሠፈር ታሪክ ላይ አስደግፈን ልንመረምረው ወደድን። የመረጥነው ሠፈር በአውስትራሊያ አገር፣ በሜልበርን ከተማ እምብርት አጠገብ የሚገኘው ፊትዝሮይ ነው። ሩቅ መሆኑ ይጠቅመናል፤ ሰው በራሱ ደጅ ካለው ይልቅ በሩቁ ጉዳይ ላይ ያለ አድልዎ መፍረድ ይቀልለዋልና። ከዚህም በላይ ፊትዝሮይ ለእኛ ለካቶሊካውያን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ የአውስትራሊያ የመጀመሪያዋ ቅድስት የተወለደችው በዚያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

የሠፈሩ አመሠራረት

ፊትዝሮይ ስፋቱ ከአንድ ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ሠፈር ነው። ከጥንት ጀምሮ ምድሩ የዉሩንጄሪ ነገድ ነበር። በ1835 አውሮፓውያን ሠፋሪዎች መጥተው የሜልበርንን ከተማ ሲቆረቁሩ፣ የምድሩ ልጆች ቀስ በቀስ ከወንዛቸውና ከአደን ቦታቸው ተገፉ። በ1839 ከከተማው ወሰን ውጭ ያለው መሬት በጨረታ ተሸጠ፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ ሊኖሩበት ሳይሆን ቆራርሰው በትርፍ ሊሸጡት የገዙት ነበሩ። ስለዚህ ሠፈሩ ገና ሰው ሳይኖርበት መነገጃ ሆኖ ነበር ማለት እንችላለን። በመጀመሪያ ኒውታውን፣ ማለትም አዲስ ከተማ፣ ይባል ነበር፤ በኋላ ግን የኒው ሳውዝ ዌልስ አገረ ገዢ በነበሩት በሰር ቻርልስ ፊትዝሮይ ስም ተጠርቶ፣ በ1858 ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመለት።

በ1851 በቪክቶሪያ ወርቅ በተገኘ ጊዜ ከዓለም ዙሪያ ብዙ ሕዝብ ወደ ሜልበርን ጎረፈ። በፊትዝሮይም ግድግዳ ተጋርተው በተርታ የቆሙ ቤቶች ተሠሩ። በሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች ላይ ያሉት ባለ ፎቅና በብረት ጥልፍ ያጌጡ ሲሆኑ፣ በጓሮ በኩል ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ የሠራተኛው ደሳሳ ጎጆዎች ተጠጋግተው ነበር። ፋብሪካዎችም በመካከላቸው በቀሉ። በ1880 ማክፈርሰን ሮበርትሰን የሚባል ወጣት በአርጋይል ጎዳና በሚገኘው የቤተሰቡ ቤት፣ በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከረሜላ መሥራት ጀመረ፤ ሥራው አድጎ ሕንፃዎቹ በሙሉ ነጭ ቀለም የተቀቡና ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ የቸኮሌት ፋብሪካዎች ሆኑ።

ቅድስት ማርያም ዘመስቀል፣ በዓለማዊ ስሟ ሜሪ ማኪሎፕ፣ ጥር 15 ቀን 1842 በዚህ ሠፈር፣ በብሩንስዊክ ጎዳና ተወለደች። ወላጆቿ ከስኮትላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቷ በንብረት አያያዝ ስላልቀናቸው ቤተሰቡ የራሱን ቤት አጥቶ በልጅነቷ ዘመን ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ኖረ። ቤት ማጣት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሕይወት ተማረችው። በ1866 ከአባ ጁልያን ተኒሰን ዉድስ ጋር ሆና የቅዱስ ዮሴፍን እኅቶች ማኅበር በመሠረተች ጊዜ፣ የድሆችን ልጆች ማስተማር የጀመሩት በፔኖላ ከተማ በአንድ የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነበር። በ1871 ጳጳሷ ያለ አግባብ ባወገዟት ጊዜ ደግሞ እኅቶቹ ከገዳማቸው ወጥተው መጠጊያ አጡ። በዚያን ጊዜ አማኑኤል ሰሎሞን የሚባል አይሁዳዊ ነጋዴ በአደላይድ ከተማ ያለ ኪራይ ቤት ሰጥቶ አስጠጋቸው። ውግዘቱ በ1872 ተነሣ፤ ቤተ ክርስቲያንም በ2010 ቅድስናዋን በይፋ ዐወጀች። ይህን የነጋዴውን ሥራ አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

በሠፈሩ የቤተ ክርስቲያንም ሥራ ቀደምት ነው። የምሕረት እኅቶች በ1857 በኒኮልሰን ጎዳና የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የፍቅር እኅቶችም በ1893 በተርታ በተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የቅዱስ ቪንሰንትን ሆስፒታል ጀመሩ። ሁለቱም ተቋማት እስከ ዛሬ በዚያው ሠፈር አሉ።

የከተማው በር

በ1890ዎቹ በደረሰው የኢኮኖሚ ውድቀት ምክንያት፣ ደግሞም ባለጸጎቹ ወደ አዳዲስና ሰፋፊ ሠፈሮች በመሄዳቸው፣ ትልልቆቹ ቤቶች ክፍል በክፍል ለተከራዮች ተሰጡ። ፊትዝሮይም የድሆች ሠፈር ተባለ። በ1930ዎቹ ታላቅ የሥራ ማጣት ዘመን ችግሩ ከመጠን አለፈ። በ1933 ጀራርድ ታከር የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ የቅዱስ ሎሬንስ ወንድማማችነት የተባለውን ማኅበራቸውን ይዘው ወደ ሠፈሩ መጡና በድሆች መካከል ተቀመጡ። በእነዚያው ዓመታት ከየአካባቢው የተገፉ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጆች ኪራዩ ርካሽ ወደ ሆነበት ወደ ፊትዝሮይ ተሰበሰቡ። ከእነርሱ አንዱ ዳግላስ ኒኮልስ ነበሩ። አስቀድሞ በፊትዝሮይ የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋችነት ታውቀው፣ ኋላም በጎር ጎዳና የነባር ተወላጆች ጸሎት ቤት መጋቢ ሆነው ወገናቸውን አገለገሉ፤ በመጨረሻም በ1976 የደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዢ ሆኑ። በ1973 በገርትሩድ ጎዳና የነባር ተወላጆቹ የራሳቸውን የጤና አገልግሎት አቋቋሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣልያኖችና ግሪኮች መጡ፤ ቀጥሎም ቬትናማውያን፤ ከዚያም ከአፍሪካ ቀንድ የተሰደዱ ቤተሰቦች መጡ፤ ከእነዚህም መካከል አማርኛ የሚናገሩ ወገኖቻችን ይገኛሉ።

እነዚህ ሁሉ በቋንቋና በእምነት ልዩ ልዩ ሲሆኑ፣ ወደዚያ ያመጣቸው አንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ሌላ ቦታ የመኖር አቅም ስላልነበራቸው ነው። የድኻ ሠፈር በውጭ ለሚያየው ጉድፍ ይመስላል፤ በውስጡ ለሚኖረው ግን የከተማው በር ነው። ሥራው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት፤ አዲስ መጪውም ቀድሞት በመጣው ወገኑ እጅ ተይዞ ከተማውን የሚለማመድበት ነው። ይህ በር በሚዘጋበት ጊዜ የሚጎዳው በውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን ገና በመንገድ ላይ ያለውም ነው።

ፊተኛው መነሣት፤ በትእዛዝ

ፊትዝሮይ ድሆቹን ያጣው በሁለት መንገድ ነው። ፊተኛው መንገድ የመንግሥት ትእዛዝ ነበር። ኦስዋልድ ባርኔት የሚባሉ የሜቶዲስት እምነት ተከታይና የሒሳብ ባለሙያ የሠፈሩን ጉስቁልና እያዩ ስላዘኑ ጉዳዩን ሕዝብ እንዲያውቀው ደከሙ፤ በ1936 የግዛቲቱን ጠቅላይ ሚኒስትር በጠባብ መተላለፊያዎቹ እየመሩ አስጎበኙአቸው። ከዚህም ጥረት የተነሣ በ1938 የቪክቶሪያ የቤቶች ኮሚሽን ተቋቋመ። ሐሳባቸው በጎ ነበር፤ ሕፃናት እርጥበት ባጠቃው ግድግዳ ሥር እንዳይታመሙ የፈለጉ ሰዎች ናቸው።

ሆኖም ኮሚሽኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1960ዎቹ ያደረገው ያረጁትን ቤቶች መጠገን ሳይሆን መንደሩን በሙሉ መጥረግ ሆነ። በአተርተን ጋርደንስ በተባለው ቦታ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው፣ በፋብሪካ በተዘጋጁ የኮንክሪት ግድግዳዎች የተገጣጠሙ አራት ባለ 20 ፎቅ ሕንፃዎች ተተከሉ፤ በጠቅላላው 800 መኖሪያዎች ነበሩአቸው። ከነባሮቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር ተበተኑ። ቤታቸው ጤናማ እንዳልነበረ ተጠንቶ ነበር፤ ጎረቤታቸው ግን ማን እንደነበረ የጠየቃቸው አልነበረም። ድህነትን ለማጥፋት የተነሣው እጅ ድሆቹን አብሮ ጠረገ።

ሁለተኛው መነሣት፤ በዋጋ

ሁለተኛው መንገድ ፍጹም የተለየ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ሠዓሊዎችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች ወደ ፊትዝሮይ መግባት ጀመሩ። አሮጌዎቹን ቤቶች ወደዱ፤ የብረት ጥልፋቸውን አጽድተው ቀለም ቀቡ። ከነባሮቹ ነዋሪዎች ጋርም ተባብረው የቤቶች ኮሚሽንን መጥረጊያ ተቃወሙ፤ በ1977 የፈጣን መኪና መንገድ እንዳይሠራ አደባባይ ወጡ። ብዙዎቹ ለድኻ የሚቆረቆሩ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን እነርሱ ሠፈሩን በወደዱት መጠን ሠፈሩ ሌላው ሰው ሁሉ የሚመኘው ሆነ፤ በተመኙትም መጠን ዋጋው ወጣ፤ ዋጋው ሲወጣ ኪራዩ ተከተለ፤ ኪራዩ ሲወጣ ተከራዩ ሄደ። መሸታ ቤቱ ምግብ ቤት ሆነ፤ የግሮሰሪው ቦታ የሥዕል ማሳያ ሆነ፤ የነጩ የቸኮሌት ፋብሪካ ሕንፃዎች በ1967 ኩባንያው ከተሸጠ በኋላ ውለው አድረው ከፊሎቹ የመኖሪያ አፓርታማዎች ሆኑ። በ1994 የፊትዝሮይ ማዘጋጃ ቤት ከአጎራባቾቹ ጋር ተጠቃለለ፤ ከ1883 ጀምሮ የነበረው የእግር ኳስ ቡድኑም በ1996 ከሌላ ከተማ ቡድን ጋር ተዋሐደ። በአሁኑ ጊዜ በዚያ አንድ ተራ ቤት ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ያወጣል።

ይህን ዓይነቱን ለውጥ በ1964 ሩት ግላስ የተባሉ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በለንደን ከተማ አይተው ጄንትሪፊኬሽን ብለው ሰየሙት። ቃሉ ጄንትሪ ከሚለው፣ ከመኳንንት ዝቅ ብሎ ካለው የእንግሊዝ ባለጸጋ መደብ ስም የወጣ ነው፤ የሠራተኛው መንደር ቀስ በቀስ የባለጸጋ መንደር ሲሆን ማለት ነው።

ሁለቱን መንገዶች ብናነጻጽር አንድ አስደናቂ ልዩነት እናገኛለን። በፊተኛው በደል ላይ የሚጠየቅ አለ፤ ኮሚሽኑ ስም አለው፣ ጽሕፈት ቤት አለው፣ ፊርማ አለው፤ ሰው ሊከሰውና ሊወቅሰው ይችላል። በሁለተኛው ላይ ግን ተጠያቂ የለም። ዋጋ ጽሕፈት ቤት የለውም። የተነሣው ሰው አቤቱታውን ለማን ይጻፍ?

በደል የለም የሚሉ

በዚህ ነገር በደል የለም የሚሉ ሰዎች ሦስት ምክንያቶችን ያቀርባሉ፤ ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ ሁሉ የሆነው በፈቃድ ነው ይላሉ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም የግል ሀብትን መብት ታከብራለች፤ ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ በ1891 ይህንኑ መብት አጥብቀው አስተምረዋል። ነገር ግን በሽያጭ ውስጥ የሚዋዋሉት ሁለት ሲሆኑ የሚሄደው ሦስተኛው ነው። ሻጩ ፈቀደ፤ ገዢው ፈቀደ፤ ተከራዩ ግን አልተጠየቀም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ እናስብ። ንጉሥ አክዓብ ነገሩን የጀመረው በግድያ አይደለም፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ሊሰጠው በመጠየቅ ነው። ቅናሹ በገበያ ሚዛን ቢታይ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ስለሆነ አይሆንም አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደም ታሪኩን አስከፊ ቢያደርገውም፣ ትምህርቱ የሚጀምረው ከደሙ በፊት ነው፤ ለሰው ልጅ በተመጣጣኝ ዋጋ እንኳ ሊለወጥ የማይችል ነገር እንዳለው ያሳየናል። የሚላኖው ቅዱስ አምብሮስዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በናቡቴ ታሪክ ላይ አንድ ሙሉ ድርሰት የጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ናቡቴ እንኳ እንቢ የማለት መብት ነበረው፤ ተከራዩ ግን ያም የለውም።

ሁለተኛ፣ ሠፈሩ ተሻሽሏል ይላሉ። እውነት ነው። እርጥበት ያለበት ግድግዳ ከደረቅ ግድግዳ አይሻልም፤ ድህነትንም እንደ ጌጥ የሚያወድስ ሰው ድኻ ሆኖ የማያውቅ ነው። ሆኖም መሻሻል የሚመዘነው በድንጋዩ ሳይሆን በሰዎቹ ነው። ሕመምተኛው ከአልጋው ተነሥቶ ጤነኛ ሰው ቢተኛበት ሕመምተኛው ተፈወሰ አይባልም።

ሦስተኛ፣ ከተማ ሁልጊዜ ይለወጣል፤ ማንም ለዘለዓለም የሠፈር ባለቤት አይደለም ይላሉ። በፊትዝሮይ ይህ በግልጽ ታይቷል፤ ከዉሩንጄሪ በቀር ከሌላ ቦታ ያልመጣ የለም። ስለዚህ ቀድሞ የመጣ ብቻ ይኑር ብለን ልንፈርድ አንችልም፤ እንዲህ ብንል ኋላ በመጣው ስደተኛ ላይ በሩን የምንዘጋው እኛው እንሆናለን። ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን ለውጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ጣልያኑ በመጣ ጊዜ ለግሪኩ ቦታ ነበረ፤ ቬትናማዊውም ሲመጣ በሩ ክፍት ነበር። በዋጋ የሚመጣው ለውጥ ግን ከኋላው በሩን ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ሠዓሊዎችና ተማሪዎች ራሳቸው በኋላ በኪራዩ ምክንያት ለቀው ለመሄድ የተገደዱት ስለዚህ ነው።

ያለ በዳይ በደል

እንግዲህ በደሉ ካለ በዳዩ ማን ነው? ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1987 በጻፉት ሶሊሲቱዶ ሬይ ሶሲያሊስ በተባለው ዓዋዲ መልእክታቸው ስለ ኃጢአት መዋቅሮች አስተምረዋል። ከብዙ ሰዎች ልዩ ልዩ ሥራ የተገነባና ከእያንዳንዱ ሰው አቅም በላይ የሆነ ክፉ ሥርዓት ሊኖር ይችላል፤ ሥሩ ግን ሁልጊዜ በሰዎች ሥራና ቸልታ ውስጥ ነው። ይህ ትምህርት ሁለት ስሕተቶችን ይከለክላል። አንደኛው፣ እያንዳንዱን የቤት ገዢ እንደ ወንበዴ መቁጠር ነው፤ ይህ ፍርድ ጽድቅ አይደለም። ሌላው ደግሞ፣ ጥፋተኛ ስላልተገኘ ጥፋት የለም ማለት ነው። ጎርፍ ከጠብታ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ጠብታ ግን ቤት ያፈረስኩ እኔ አይደለሁም ሊል ይችላል። እኛ ጠብታዎች አይደለንም፤ ሕሊና አለን፤ ወዴት እንደምንፈስስ ልንጠይቅ እንችላለን።

በዚሁ መልእክት ቅዱስ አባታችን በግል ሀብት ላይ ማኅበራዊ ዕዳ እንዳለበት አስተምረዋል። ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኵይናስም ሰው ንብረትን በማስተዳደር በኩል የራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ በአጠቃቀም በኩል ግን ለተቸገረ ለማካፈል የተዘጋጀ ሆኖ እንደ ጋራ ሊያየው ይገባል ብለው ነበር። በዚያው በ1987 የጳጳሳዊው የፍትሕና የሰላም ኮሚሽን ስለ ቤት አልባ ወንድም ባወጣው ሰነድ፣ ቤት ከሸቀጥ በላይ መሆኑንና የሰው ክብር የሚጠይቀው መሆኑን አስገነዘበ። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2015 ላውዳቶ ሲ በተባለው መልእክታቸው፣ ድሆች ከሠፈራቸው በሚነሡበት ጊዜ አስቀድሞ ሊነገራቸው፣ የሚመርጡት የተገባ ቦታ ሊሰጣቸው፣ በውሳኔውም ሊሳተፉ እንደሚገባ አስተምረዋል።

ከአንተ ጋር

በዚህ ጉዳይ ላይ እጅግ የሚያስተምረን ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የሚገኘው የኢዮቤልዩ ሕግ ነው። ሕጉ ርስት የሆነ መሬት በሃምሳኛው ዓመት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ያዝዛል። በቅጥር በተከበበ ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሻጩ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልዋጀው ለገዢው ለዘለዓለም ይጸናል፤ በኢዮቤልዩም አይመለስም። እንግዲህ አንድ ሰው፣ የከተማ ቤት በኦሪት እንኳ ለገበያ የተተወ ነው፤ ስለ ምን ትከራከራላችሁ? ሊለን ይችላል።

መልሱ ከዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ወንድምህ ቢደኸይና እጁ ቢደክም ደግፈው፤ ከአንተ ጋር ይኑር የሚል ትእዛዝ ተሰጥቷል። ሕጉ ርዳው፣ ምጽዋት ላክለት ብሎ አላበቃም፤ ከአንተ ጋር ይኑር አለ። ስለዚህ ቤቱ ሊሸጥ ይችላል፤ ወንድምን ግን ከመካከል ማራቅ አልተፈቀደም። የከተማ ቤት ገበያ ይኑረው፤ የከተማ ሕይወት ግን ከገበያ በላይ ይሁን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በሙሉ በዚህ ይጠቀለላል።

ከአንተ ጋር የሚለው ቃል ትርጉም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አስረጅ አያሻውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። ሰው ሲሞትብን ድንኳኑን የሚተክለው፣ ንፍሮውን የሚቀቅለው፣ ሬሳውን የሚሸኘው እድሩ ነው፤ እድር ደግሞ በአንድ ዓመት አይበቅልም። የቡናው ጥሪ፣ ልጅ አደራ የሚባልባት ጎረቤት፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ፣ እነዚህ ሁሉ የድኻ ሰው ሀብት ናቸው። ባለጸጋ ሠፈር ቢለውጥ ሀብቱን በባንክ ይዞት ይሄዳል፤ የድኻው ሀብት ግን በጎረቤቱ ዘንድ የተቀመጠ ስለሆነ አብሮት አይጓዝም። ካሳ ሲሰላ ግድግዳውና ጣራው ይቆጠራል፤ እድሩን የሚቆጥር ግን የለም። በ2024 በአዲስ አበባ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ነባር ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ስለሄዱ፣ ይህ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከተማ መታደሱን አንቃወምም፤ አዲሱ ቤት ከአሮጌው የተሻለ ሊሆን ይችላል። የምንጠይቀው ሰዎቹ አብረው ሊተከሉ ይችሉ ወይ እንደ ሆነ ነው፤ የተነቀለ ችግኝ አፈሩን ይዞ ካልተነቀለ አይጸድቅምና።

ከዋጋ ውጭ የቀረው

ወደ ፊትዝሮይ እንመለስና አንድ ያልታሰበ ነገር እንመልከት። ዛሬ በዚያ ሠፈር ድሆች የሚገኙት የት ነው? በአብዛኛው በእነዚያው አራት የኮንክሪት ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ሲሠሩ ነባሩን መንደር ያጠፉት ሕንፃዎች፣ በኋላ በመጣው የዋጋ ጎርፍ ጊዜ ለድኻው መርከብ ሆኑለት። ምክንያቱ ውበታቸው አይደለም፤ የመንግሥት ስለሆኑና ኪራያቸው በገበያው ሳይሆን በተከራዩ ገቢ ስለሚተመን ነው። ዙሪያው ሁሉ ሲሸጥና ሲለወጥ በዚያ የቀሩት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በዚያው ሠፈር ያስተምራሉ፤ በዚያው ሆስፒታል ይታከማሉ። የከተማው በር ፈጽሞ ሳይዘጋ የቀረው በእነርሱ በኩል ነው።

ነገር ግን በ2023 የቪክቶሪያ መንግሥት በሜልበርን ያሉትን 44 ከፍተኛ የሕዝብ መኖሪያ ሕንፃዎች በሙሉ እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ በአዲስ እንደሚተካ አስታውቋል። ሕንፃዎቹ አርጅተዋል ይባላል፤ በቦታቸውም በዚያ ከሚኖሩት 10,000 ያህል ሰዎች ፋንታ 30,000 ሊኖሩ ይችላሉ ተብሏል። ከሚነሡት መካከል በስደት አንድ ጊዜ ቤታቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው። ታዲያ ከ1960ዎቹ ታሪክ የምንማረው ቢኖር፣ ጥያቄው ስንት ቤት ይሠራል? የሚለው ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ የሚመለሰው ማን ነው? ከአዲሶቹስ ቤቶች ስንቱ ከዋጋ ውጭ ሆነው ይቆያሉ? የሚለውም መጠየቅ አለበት።

እዚህ ላይ ለቅድስት ማርያም ዘመስቀልና ለእኅቶቿ ያለ ኪራይ ቤት የሰጠውን አይሁዳዊ ነጋዴ እናስታውስ። እርሱ ነጋዴ ነበር፤ ዋጋ ምን እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ከቤቶቹ አንዱን ከዋጋ ውጭ አደረገው። የከተማን ችግር በሙሉ አልፈታም፤ ለጥቂት ሴቶች ግን በሩን ከፈተ። በመንግሥት በኩል የሚደረገው በሕግ፣ በግል የሚደረገው በፍቅር ይሁን እንጂ ሁለቱም በአንድ መሠረት ላይ ይቆማሉ፤ ይኸውም አንድ ነገር ከዋጋ ውጭ ካልተጠበቀ ድኻ በመካከላችን ሊኖር አይችልም የሚለው ነው።

ለሕሊና ምርመራ

ካቴኪስቶቻችን ይህን ጽሑፍ ከምእመናን ጋር ሲወያዩበት የሚከተሉትን ቢያነሡ ይጠቅማል ብለን እናስባለን። ከእኛ መካከል ቤት የሚያከራይ፣ ገበያው ስለፈቀደለት ብቻ ኪራይ ከመጨመሩ በፊት ተከራዩ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቋልን? ቤቱን የሚሸጥ፣ በጓሮው ለዓመታት የኖረውን ድኻ አስቀድሞ ነግሮት የሚዘጋጅበት ጊዜ ሰጥቶታልን? ወደ አዲስ ሠፈር የሚገባ፣ አጥሩን ከማጠሩ በፊት ጎረቤቱን ተዋውቋልን? በእድሩስ ገብቷልን? ቁምስናችን ምእመናኑ ወደ ዳር በሄዱ ጊዜ ከመዝገብ ሰርዟቸዋልን ወይስ ተከትሏቸዋል? ቦታና ቤት ያላቸው መንፈሳውያን ተቋሞቻችንስ ከቤቶቻቸው አንዱን ከዋጋ ውጭ አድርገዋልን?

እነዚህ ጥያቄዎች ከተማን የሚያክል ነገር አይለውጡም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሕግና መንግሥት የሚጠየቁበት ድርሻ አለ፤ እኛም በተገቢው መንገድ ልንጠይቅ ይገባናል። ነገር ግን ሕግ የወንድምን ቤት ሊጠብቅ ቢችልም ወንድምን ጎረቤት ሊያደርገው አይችልም፤ ያ የእኛ ፈንታ ነው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ባልንጀራዬ ማን ነው? ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የመለሰው በሠፈር ወሰን አልነበረም፤ በመንገድ ላይ በቆመው ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። ሳምራዊውም የእንግዶች ማረፊያውን ኪራይ ስለ ቁስለኛው ከኪሱ ከፈለ። የአንዱን ሌሊት ማደሪያ ስለ ሌላው የሚከፍል ሰው እስካለ ድረስ ከተማ ለድኻ ፈጽማ አትዘጋም።